ከመንቆረር እስከ ደብረ ማርቆስ፦ ስም ሲቀየር መዝገቡ ምን ይሁን?

ደብረ ማርቆስ የቀድሞ ስሟ መንቆረር ነው። በጥር 1873 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ያነገሧቸው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መናገሻቸው አደረጓት፤ በዘመናቸውም በቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ስም ደብረ ማርቆስ ተባለች። የጥንቱን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ግን ብዙም አይደናገርም። ቦታው ያው ነው፤ ሁለቱ ስሞችም ጎን ለጎን ኖረዋልና።

የሚያስቸግረው ስሙ ሲቀየር ይዘቱም አብሮ የተቀየረ እንደ ሆነ ነው። በግንቦት 1976 ዓ.ም. የመጀመሪያው የሕዝብ ቆጠራ ሲካሄድ ጎጃም ክፍለ ሀገር ነበረ፤ ከደብረ ማርቆስ፣ ከሞጣና ከቢቸና ሌላ ባሕር ዳርን፣ አገው ምድርን፣ ቆላ ደጋ ዳሞትንና መተከልን በአውራጃነት ይዞ ነበር። የሕዝቡ ቁጥርም 3.2 ሚሊዮን ገደማ ነበረ። በ1980 ዓ.ም. ክፍለ ሀገሩ ምሥራቅ ጎጃም፣ ምዕራብ ጎጃምና መተከል ተብሎ ተከፋፈለ። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ደግሞ መተከል ወደ ቤንሻንጉል ጉሙዝ ሲሄድ፣ አዊ በአማራ ክልል ራሱን የቻለ ዞን ሆነ።

እንግዲህ አንድ ባለሙያ የ1976ቱን የ«ጎጃም» ዓምድ «ምሥራቅ ጎጃም» ብሎ ቢሰይምና ከ1987ቱ ቆጠራ ጋር ቢያስተያየው ምን ያገኛል? በ1987 የምሥራቅ ጎጃም ሕዝብ 1.7 ሚሊዮን ያህል ነበረ። ንጽጽሩ በ10 ዓመት ውስጥ ሕዝቡ ግማሽ ያህል እንዳለቀ ያስመስላል። ያለቀ ሕዝብ ግን የለም፤ የተለወጠው ወሰኑ ነው።

የኮምፒውተር መረጃ ባለሙያዎች ለዚህ ዓይነቱ ነገር የቈየ ዘዴ አላቸው። ዓምዱን አዲስ ስም ሲሰጡት በአሮጌው ስም የሚጠሩት ሪፖርቶች እንዳይሰበሩ፣ አሮጌው ስም ወደ አዲሱ እንዲመራ አድርገው ያቆዩታል፤ ሪፖርቶቹ አንድ በአንድ ሲታረሙ ያነሡታል። ይህ ግን የሚሠራው ይዘቱ ያው ሲሆን ብቻ ነው። ይዘቱ ከተለወጠ አዲስ ዓምድ ይከፈታል፤ አሮጌውም ከነዘመኑ ይቀመጣል።

እኔ እንደሚመስለኝ መንግሥታዊ መዝገባችንም ይኸው ያስፈልገዋል። እያንዳንዱ ወረዳ ስሙ ቢለወጥም የማይለወጥ መለያ ቁጥር ይኑረው፤ ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው ዓመት በየትኛው አስተዳደር ሥር እንደነበረም ይጻፍ። የ1976ቱ ሪፖርት በየአውራጃው ተዘርዝሮ በመቅረቱ መተከልን ቀንሶ ማስላት፣ በግርድፉም ቢሆን፣ ዛሬም ይቻላል።

ነገሩ የቢሮ ጉዳይ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን በጀት የሚደለደለው፣ የምክር ቤት ወንበር የሚከፈለው በሕዝብ ቁጥር ነው። ከ1999ኙ ሦስተኛ ቆጠራ በኋላ ሊካሄድ የታሰበው ቆጠራ ደጋግሞ ተራዝሟል፤ በመካከሉ የደቡቡ ክልል እንኳ ፈርሶ አራት ክልሎች ሆኗል። አዲሱ ቆጠራ ሲመጣ ከአሮጌው ጋር የሚያገናኘው ድልድይ ካልተሠራ፣ ስለ ቁጥሩ የሚነሣውን ክርክር የሚዳኝ ማስረጃ አይኖርም፤ በዳኝነቱም ወንበር ጉልበት ይቀመጥበታል።