ስሙና አፈሩ

ከኮንሶ በወይጦ በኩል ወደ ጂንካ የሚጓዝ ሰው፣ ወደ ዲመካና ቱርሚ የሚወስደው መንገድ በሚገነጠልበት ሥፍራ ቀይ አፈር የተባለችውን ከተማ ያገኛል። ስሟ አይዋሽም፤ ስም የሰጣት አፈሯ ነውና። ሐሙስ በዋለ ቁጥር በናው፣ ፀማዩ፣ አሪውና ሐመሩ ማሩን፣ እህሉን፣ ቅሉንና ፍየሉን ይዞ ይገናኝባታል። በእንዲህ ያለ ገበያ ማር የሚገዛ ሰው የዕቃውን ውበት አይቶ ገንዘቡን አይፈታም፤ ቀምሶ ነው። ዕቃውና በውስጡ ያለው በአንድ ላይ ሲቀርቡ ማጣራት ቀላል ነው። በዓይን የሚታየው ስም ከሥሩ ሌላ አፈር ሲደብቅስ? የዛሬው ወጋችን በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው።

የሀገራችን ታሪክ ይህን ጥያቄ ቀድሞ ያውቀዋል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው፣ ዐፄ ምኒልክ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አማካይነት መጠቀም እንደሚችሉ ይናገራል። የኢጣሊያንኛው ግን ይህንኑ ግዴታ ያደርገዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ያነበቡት አንድ፣ ሮም ለዓለም ያሳወቀችው ሌላ ሆነ። ምኒልክ ውሉን በ1885 ዓ.ም. አፈረሱት፤ ነገሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ በደም ተፈታ።

በኢንተርኔት ዘመን ውጫሌ በየዕለቱ ይፈረማል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ብዙዎቻችን «ሊንክ» የምንለው ማስፈንጠሪያ ሁለት ጽሑፍ አለው። አንዱ ለዓይናችን የተጻፈው ነው፤ «ዜናውን ለማንበብ»፣ «ሽልማትዎን ለመቀበል»፣ ወይም የታወቀ ባንክ ስም። ሌላው ለማሽኑ የተጻፈውና ከሥሩ የተደበቀው እውነተኛ አድራሻ ነው። ሁለቱ አንድ እንዲሆኑ የሚያስገድድ ሕግ በቴክኒኩ ውስጥ የለም። በዚህ ክፍተት የሚጠቀመው ማታለል በእንግሊዝኛ «ፊሺንግ» ይባላል፤ ከዓሣ ማስገር የመጣ ቃል ሲሆን፣ የአሜሪካ ኦንላይን ደንበኞችን የይለፍ ቃል ያጠምዱ ከነበሩ ሌቦች ጋር በ1980ዎቹ ማብቂያ በእኛ አቆጣጠር የተወለደ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።) ዓሣው የሚያየው ትሉን እንጂ መንጠቆውን አይደለም።

ኢትዮጵያውያን የዚህን መንጠቆ ታሪክ በሩቅ የሰሙት ብቻ አይደሉም፤ ሆነውበታል። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ የተባለው የምርምር ተቋም በመጋቢት 2005 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ የግንቦት ሰባት መሪዎችን ፎቶግራፍ እንደ ማጥመጃ የተጠቀመ፣ ፊንስፓይ የተባለ ሰላይ ሶፍትዌር መገኘቱን ገለጸ። ቀጥሎ ታኅሣሥ 11 ቀን 2006 ዓ.ም. በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ብቻ፣ ቤልጂየምና ቨርጂኒያ የሚገኙ ሁለት የኢሳት ባልደረቦችን ለማጥመድ ሦስት ሙከራ ተደረገ። በስካይፕ የደረሳቸው ፋይል ለጣቢያው የተላከ ጽሑፍ መስሎ ነበር፤ የላኪው ስምም ቀድሞ ከጣቢያው ጋር ይሠራ የነበረ የሚያውቁት ሰው ስም ነበር። ተመራማሪዎቹ ሶፍትዌሩ ሀኪንግ ቲም ከተባለው የኢጣሊያ ኩባንያ የመጣ እንደሚመስል በየካቲት 2006 ዓ.ም. አስታወቁ። በዋሽንግተን የሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ክሱን አስተባበለ። በ2007 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ግን ሀኪንግ ቲም ራሱ ተሰረቀና 400 ጊጋባይት የሚያህል ምስጢሩ አደባባይ ወጣ።

ለርዕሳችን እጅግ የሚቀርበው ሦስተኛው ነው። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ የእሬቻ በዓል ላይ ብዙ ወገኖች ሕይወታቸውን ባጡ በሁለተኛው ቀን፣ በወቅቱ የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትዎርክ ኃላፊ ለነበረው ለጃዋር መሐመድ ኢሜይል ደረሰው። ምስጢራዊ ቪዲዮ አደባባይ መውጣቱን ያበስራል፤ ቪዲዮው አልከፍት ካለ አዲሱን ፍላሽ ማጫወቻ ከዚህ ያውርዱ ይላል። የቪዲዮው አድራሻ ኢስትአፍሮ ዶት ኔት ነበር። ኢስትአፍሮ ዶት ኮም ብዙ ተመልካች የሚያውቀው የኤርትራ ቪዲዮዎች ድረ ገጽ ነው፤ ዶት ኔቱ ግን አስመሳይ ነበር። «ፍላሽ» የተባለውም ሰላይ ይዟል። መልእክቱ ለሲቲዝን ላብ ተላልፎ ተመረመረ፤ ኅዳር 27 ቀን 2010 ዓ.ም. የወጣው ዘገባ፣ መሣሪያው ሳይበርቢት የተባለው የእስራኤል ኩባንያ ምርት መሆኑን አመለከተ። የአጥማጆቹ መዝገብ በአገልጋይ ኮምፒውተራቸው ላይ ለማንም ክፍት ሆኖ በመገኘቱ፣ ሰላዮቹ በተራቸው ታዩ።

እስቲ አድራሻውን እንደ ሰው ስም እናንብበው። እኛ ኢትዮጵያውያን የግል ስማችንን፣ ቀጥሎ የአባታችንን፣ በመጨረሻ የአያታችንን እንጠራለን። የድረ ገጽ አድራሻም እንዲሁ ነው። መግቢያው ላይ ያሉትን ሁለት እዝባሮች አልፈን እስከምናገኛት የመጀመሪያ ነጠላ እዝባር ድረስ ያለውን ስም እንውሰድ፤ ከእርሷ ወደ ኋላ ስንቆጥር «ኮም» ወይም «ኔት» አያት ነው፤ ከነጥቧ በፊት ያለው አባት ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ባለቤቱ እንደ ፈለገ ያወጣው የልጅ ስም ነው። (አንዳንድ የሀገር አድራሻዎች፣ እንደ «ኮም ዶት ኢቲ» ያሉት፣ አያታቸው ሁለት ቃል መሆኑ ይታወስ።) ልጁን «ምኒልክ» ብሎ መሰየም ማንም ይችላል፤ ምኒልክ የተባለ ሁሉ ግን የኃይለ መለኮት ልጅ አይደለም። ከፊት የባንክ ስም ስላየን ቤቱ የባንኩ ነው ማለት አይደለም፤ አባቱን እንጠይቅ። ኢስትአፍሮ ላይ የተፈጸመው ደግሞ ከዚህ ይረቅቃል፤ የአባቱ ስም ተመሳስሎ አያቱ ተለወጠ።

ሌላም ተንኮል አለ። በፊደላችን ሀ፣ ሐ እና ኀ መልካቸው ልዩ ልዩ ሲሆን ድምፃቸው አንድ ነው። በላቲንና በሩሲያ ፊደላት መካከል ግን ተቃራኒው ያጋጥማል፤ መልካቸው ፈጽሞ አንድ የሆነ፣ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ሆሄያት አሉ። አታላይ አንዲቱን ሆሄ በሌላይቱ ተክቶ፣ ዓይን የማይለየው ሌላ ቤት ይሠራል። የቁልፍ ምልክትም ሆነ «ኤችቲቲፒኤስ» የሚለው መነሻ ከዚህ አያድንም፤ መንገዱ በምስጢር መጠበቁን ይመሰክራል እንጂ፣ በመንገዱ ማብቂያ ያለው ሰው ታማኝ መሆኑን አይደለም። ሌባም በሩን ይቆልፋል።

ለማጣራት የሚያግዙ መሣሪያዎች አሉ። በ1996 ዓ.ም. ስፔን ውስጥ የተመሠረተውና በ2004 ዓ.ም. መገባደጃ ጉግል የገዛው ቫይረስ ቶታል፣ አንድን ማስፈንጠሪያ በብዙ አሥር የደኅንነት ድርጅቶች መዝገብ ያስፈትሻል። ነገር ግን መዝገብ የሚያውቀው ቀድሞ የታወቀውን ነው። ለአንድ ሰው ብቻ ተብሎ ትናንት የተሠራ ወጥመድ በየትኛውም መዝገብ ላይሰፍር ይችላል፤ «ምንም አልተገኘም» ማለትም «ንጹሕ ነው» ማለት አይደለም። ደግሞም እዚያ የሚቀርበውን ሌሎችም ያዩታልና፣ የግል ሰነድ የሚከፍት አድራሻ አይሰጥም።

የሚጠፋው ነገር ምን ያህል ነው? በሜሪላንድ ነዋሪ የሆነ፣ በፍርድ ቤት «ኪዳኔ» በሚል የብዕር ስም የቀረበ ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ አንድ አባሪ ሰነድ ኮምፒውተሩ ላይ በመከፈቱ የስካይፕ ንግግሩ ለወራት ሲቀዳ መቆየቱን ገልጾ በ2006 ዓ.ም. የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት መጋቢት 5 ቀን 2009 ዓ.ም. ክሱን ዘጋው፤ ድርጊቱ በሙሉ በአሜሪካ ምድር አልተፈጸመምና የውጭ መንግሥት ያለመከሰስ መብቱ አይነካም በማለት። በደለኛው ባሕር ማዶ ሲሆን ፍትሕ ባሕሩን አልተሻገረም። ጋዜጠኛ ሲጠመድ ደግሞ የሚጋለጠው እርሱ ብቻ አይደለም፤ አምኖት ስሙን ሳይጠቅስ የነገረው ሰው ሁሉ ነው።

ዛሬ መረቡ የሚጣለው ለታወቀ ሰው ብቻ አይደለም። በስልኩ ገንዘብ የሚልክና የሚቀበል ሁሉ፣ ጂንካም ይሁን ሚኒያፖሊስ፣ የበዓል ስጦታ ወይም የባንክ ማስጠንቀቂያ የለበሰ ማስፈንጠሪያ ሊደርሰው ይችላል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አታላዩን ይቀጣል፤ የወጣውን ምስጢር ግን አይመልስም። እንግዲያስ አንባቢ ሆይ፣ መልእክቱ ሲያስቸኩልህ ዝግ በል። የአድራሻውን አባትና አያት አንብብ። ባንክህ ከሆነ አድራሻውን ራስህ ጽፈህ ግባ፤ ወዳጅህ ከሆነ ስልክ ደውለህ «አንተ ነህን?» በለው። ፍላሽ አድስ የሚልህ ቢመጣ ደግሞ ብዙ አትመርምር፤ ፍላሽ ከታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በኋላ ከአገልግሎት ወጥቷልና። ወዳጅን መጠየቅ አለማመን አይደለም፤ ስሙን ከሚሰርቁት መጠበቅ ነው።

ቸር ያሰማን።