የተውሶ ክንፍ

ቦይንግ በ1916 በተመሠረተባት በሲያትል የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስለ አገራችን አየር ኃይል በተወያየን ቁጥር ሁለት አስተያየቶች ይጋጫሉ። አንዱ ወገን «አሜሪካኖች የሠሩት ነው» ሲል፣ ሌላው «ከማንም ያልተዋስነው የራሳችን ሀብት ነው» ይላል። በእኛ እምነት ሁለቱም ከግማሽ እውነት አያልፉም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደሚታወቀው፣ የመጀመሪያዎቹ ፈረንሳይ ሠራሽ ፖቴዝ አውሮፕላኖች አዲስ አበባ የገቡት በ1929 ነበር። በማግሥቱ ዓመት ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የአብራሪነት ፈቃድ አገኙ። በ1935 ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ስትወርር፣ ጥቁር አሜሪካዊው ጆን ሮቢንሰን ጥቂቶቹን መሣሪያ አልባ አውሮፕላኖች እየመራ በየግንባሩ መልእክትና ሰው ያመላልስ ነበር። ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘንም በዚያው ጦርነት ለቀይ መስቀል በረረ።

ከድል በኋላ ፎን ሮዘን ተመልሶ መጣ፤ ስዊድናውያን መምህራንም በቢሾፍቱ አዲሱን አየር ኃይል በሳብ አውሮፕላኖች አደራጁት። ከ1953ቱ የመከላከያ ስምምነት ወዲህ ግን ዋናዋ ለጋሽ አሜሪካ ሆነች። ልውውጡ ግልጽ ነበር፦ ለእርሷ በአሥመራ የቃኘው ጣቢያ፣ ለንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት መሣሪያና ሥልጠና።

በ1961 አራት የኢትዮጵያ ኤፍ-86 ጄቶች በተባበሩት መንግሥታት ጥላ ሥር ወደ ኮንጎ ዘመቱ። በዚያ ሰማይ ላይ የስዊድንና የሕንድ አብራሪዎችም ነበሩ። የቢሾፍቱ ደቀ መዝሙር ከመምህሩ አገር ልጆች ጋር ትከሻ ለትከሻ ቆመ ማለት ነው። ይህ ሊያኮራ ይገባል። ነገር ግን ከጥቂት ወራት በፊት፣ በታኅሣሥ 1960፣ ይኸው አየር ኃይል ለዘውዱ ወግኖ የእነ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይን መፈንቅለ መንግሥት በማክሸፉ ተግባር ተካፍሏል። ሙያው ከውጭ ቢመጣም ዓላማው የሚቀዳው ከቤተ መንግሥት ነበር።

የ1977ቱ ጦርነት ደግሞ የዚህን ሁሉ ልውውጥ ጠባይ ገሐድ አወጣው። ሚጎችን የሚያበርሩት ሶማሊያውያን የሶቪየት ተማሪዎች ሲሆኑ፣ ኤፍ-5ን የሚያበርሩት ኢትዮጵያውያን የአሜሪካ ተማሪዎች ነበሩ። ወዳጅነቱ ግን ተገለበጠ። በሚያዝያ ደርግ የአሜሪካን ወታደራዊ አማካሪዎች አስወጣ፤ በኅዳር ሶማሊያ ሶቪየቶችን አባረረች፤ ሞስኮም ወዲያው ለኢትዮጵያ ሰፊ የአየር ድልድይ ዘረጋች። ለጋሾቹ ቦታ ተለዋወጡ፤ ያለቁት ግን የሁለቱ ድሃ አገሮች ልጆች ናቸው። በረሃብ ለተጎዱት እርዳታ ያደርስ የነበረው ፎን ሮዘን በሐምሌ ጎዴ ላይ ተገደለ። አብራሪው ለገሠ ተፈራ በሶማሊያ ተማርኮ እስከ 1988 ታሰረ።

ከዚህ ምን እንማራለን? አሜሪካ ፊቷን ብታዞርም የአብራሪዎቻችንና የቴክኒሻኖቻችን ዕውቀት አብሮ አልሄደም፤ የአየሩን የበላይነት ያስገኘው በእነርሱ እጅ የቀረው ሙያ ነው። ስለዚህ «የባዕድ ሥራ ነው» የሚለው ወገን ይሳሳታል። በሌላ በኩል በሰኔ 1988 የራሳችን አውሮፕላኖች በትግራይ በሐውዜን የገበያ ቀን ሕዝብ ላይ ቦምብ አዘነቡ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ገበያተኞች አለቁ። «የራሳችን ነው» ባዩ ወገን ይህንንም ቀን ጨምሮ የራሴ ማለት አለበት። በግንቦት 1989 በተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት የአየር ኃይሉ አዛዥ ጄኔራል አምሐ ደስታ ሕይወታቸውን ማጣታቸውም በሠራዊቱና በገዥው መካከል የነበረውን ስንጥቅ ያሳያል።

እንግዲህ መሠረታዊው ጥያቄ አብራሪውን ማን አስተማረው የሚለው አይደለም። ትእዛዙን ማን ይሰጠዋል? ትእዛዝ ሰጪውንስ ማን ይጠይቀዋል? ማብረር ከስዊድንም ከአሜሪካም ከሶቪየትም ተምረናል። አዛዡን በሕግ መጠየቅን ግን የሚያስተምረን የውጭ መምህር የለም፤ ይህን ራሳችን ልንሠራው ይገባል።