ሰንበሌጥና የጣራችን ታሪክ

ዛሬ ስለ አንድ ሣር እናወጋለን። «ስለ ሣር ደግሞ ምን ይወራል?» እንዳትሉ። ሣሩ ሰንበሌጥ ነው፤ ብዙዎቻችሁ ተወልዳችሁ ያደጋችሁት ከሥሩ ነው።

ይህን ርዕስ ያነሣሁት በምክንያት ነው። በሥራዬ ከማገኛቸው ቤተሰቦች በአንዱ ቤት አንድ ልጅ ከትምህርት ቤት አኩርፎ መጣ። «የእናንተ ቤት ከሣር ነበር» ብለው ስቀውበት ነበር። አባቱን «እውነት ነው ወይ?» ብሎ ሲጠይቃቸው አባትየው አቀርቅረው ዝም አሉ። እኔም ያን ጊዜ የምለው አጣሁ። የዛሬው ንግግር ያን ዕለት ልመልስ ይገባኝ የነበረው መልስ ነው።

ሰንበሌጥ ዓይነቱ ብዙ ነው። በአፍሪካ ሞቃት ሜዳዎች በተፈጥሮው ይበቅላል፤ ሥሩ ሳይሞት በየዓመቱ ያቆጠቁጣል፤ አንዳንዱም ከሰው ቁመት አልፎ እስከ 2 ሜትር ተኩል ይደርሳል። ክረምት ወጥቶ ሲደርቅ በማጭድ ይታጨዳል። ማጭዱን ደግሞ የሚቀጠቅጠው ብዙ ጊዜ የእኛው ባለሙያ ነበር።

ቤት ክደና የሚያውቅ ሰው ሥራውን የሚጀምረው ከታች ከጠርዙ ነው። ወደ ላይ እየደራረበ ሲሄድ የላይኛው ሣር የታችኛውን ጫፍ ስለሚሸፍን ውሃ መግቢያ አያገኝም። ጣራው ቁልቁለት ስላለው ዝናቡ ሳይቆም ይወርዳል። የምድጃው ጢስ ሣሩን ያደርቀዋል፤ ተባይም ያርቅለታል። ቤቱ ቀን ሙቀትን፣ ሌሊት ብርድን ይከላከላል። ይህን ያወጣው ሰው መሐንዲስ ነው፤ ዲፕሎማ ብቻ ነው የጎደለው።

ታዲያ ድንጋይ መሥራት ስላልቻልን ነው ወይ? አይደለም። ዐፄ ፋሲል በ17ኛው መቶ ዘመን ጎንደርን መናገሻቸው አድርገው ሲቆረቁሩ፣ ከግንበኞቹና ከአናጢዎቹ መካከል ቤተ እስራኤል ነበሩ። ለነገሥታት ግንብ የሠሩ እጆች ማታ የሚገቡት ሰንበሌጥ ወደተከደነ ጎጆ ነበር። በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ በዐፄ ይስሐቅ ጊዜ፣ ሃይማኖቱን ያልለወጠ ርስት እንዳይኖረው ተደረገ ይባላል። ከዚያ ወዲህ ብዙው አባቶቻችን በሰው መሬት ላይ ጭሰኛ ሆነው ኖሩ። የጭሰኝነት ሥርዓት በሕግ የቀረው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1975 በወጣው የመሬት አዋጅ ነው። ነገ ልቀቅ ሊባል የሚችል ሰው ለራሱ ግንብ አይገነባም።

መስጊዳችንም ቢሆን በሣር ይከደን ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን የመጡ የአውሮፓ ተጓዦች እንደጻፉት፣ የቤተ እስራኤል ጸሎት ቤት ከሩቅ የሚለየው በጣራው ጫፍ ላይ በሚቀመጠው የሸክላ ዕቃ ነበር። ኦሪት የተነበበው፣ ለኢየሩሳሌም የተለመነው ከዚያ ሣር በታች ነው።

የሣር ቤት የድሃ ምልክት የተባለው ቆርቆሮ ከመጣ በኋላ ነው። ቆርቆሮ በእንግሊዝ አገር የተፈለሰፈው በ1829 ነው። የጅቡቲ ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1917 ሲሆን፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ዕቃ ወደ መሀል አገር መድረሱ ቀለለ። ከዚያ በፊት በብዙ ስፍራ ባላባቱም ጭሰኛውም፣ ቤተ ክርስቲያኑም ሳይቀር በሣር ይከደን ነበር። እንግዲህ ልጁን ያሳፈረው ሐሳብ ዕድሜው ከቅድመ አያቱ አይበልጥም።

የእናቶቻችን ስፌት፣ ከአክርማና ከስንደዶ የተሠራው፣ እዚህ አገር በክብር ይታያል። የአባቶች ክደና ግን ሊታይ አልቻለም፤ ጣራ ተሸክሞ አውሮፕላን የሚሳፈር የለም። ይዘውት የመጡት በጭንቅላታቸው ነው። ካልተናገሩት አብሯቸው ይቀበራል።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በገሊላ፣ በቀርሜሎስና በኢየሩሳሌም ዙሪያ ባሉት ተራሮች ላይ የሰንበሌጥ ዘመድ የሆነ ሣር ይበቅላል፤ በዕብራይስጥ «ዛክናን ሳዒር» ይሉታል። ከእኛው ያጥራል እንጂ መልኩ ያስታውቃል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡና አሳዩአቸው። ሳትነቅሉ፣ በቆመበት አሳዩአቸው። «ቤታችን ከዚህ ዘመድ ነበር፤ እንዲህ አድርጌ ነበር የምከድነው» በሏቸው። ልጁ በሚቀጥለው ቀን ትምህርት ቤት ሲጠየቅ አንገቱን አይደፋም፤ ያስረዳል።

በሰላም ያገናኘን።