ዝም አይነቅዝም፦ ዝምተኛው እንዴት የኮሚክ ጀግና ሆነ?

ከቃሊቲ ሚኒባስ ተሳፍራችሁ ሳሪስ ስትደርሱ «ወራጅ አለ!» ማለት አሳፍሯችሁ፣ ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቃችሁ ታውቃላችሁ? ብቻችሁን አይደላችሁም። እንዲህ ባለው ጭንቀት የሚቀልዱ ኮሚኮች ዛሬ በዓለም ዙሪያ በሚሊዮን የሚቆጠር አንባቢ አላቸው።

በሣጥን እየከፋፈሉ ታሪክ መሳል ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የአዲስ አበባ ሠዓሊዎች የንግሥተ ሳባንና የሰሎሞንን ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ፣ ብዙውን ጊዜ በ44 ሣጥን፣ ከአማርኛ ማብራሪያ ጋር ይሥሉ ነበር። አሠራሩ ከኮሚክ ጋር አንድ ነው፦ ዓይናችን አንድ ሣጥን በተሻገረ ቁጥር ጊዜ ይሄዳል።

ልዩነቱ ፊት ላይ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሁለት ዓይኑ እየታየ ይሣላል፤ ክፉው ደግሞ ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዓይን። ሰው ሲያየው ፊቱን የሚያዞር ዓይናፋር በዚህ ሕግ ቢሣል ከይሁዳ ጋር ሊመደብ ነው ማለት ነው!

ተረታችንም ሁለት ልብ ነው። «ዝም አይነቅዝም» ብሎ ያደፋፍራል፤ ዞር ብሎ ደግሞ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላል።

እ.ኤ.አ. በ1921 ካርል ዩንግ የሰውን ጠባይ ትኩረቱ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ በማዘንበሉ ለየው። ወደ ውስጥ ማዘንበል በሽታ አይደለም፤ ዓይናፋርነትም አይደለም። ዓይናፋር የሰውን ፍርድ ይፈራል፤ ወደ ውስጥ ያዘነበለው ግን ሳይፈራም ብቻውን መሆን ሊመርጥ ይችላል። ኮሚኮቹ ብዙ ጊዜ ሁለቱን ያደባልቋቸዋል።

ከ95 ዓመት በኋላ፣ በ2016፣ አሜሪካዊቷ ሣራ አንደርሰን ትልቅ ሰው መሆን ተረት ነው የሚል ርዕስ ያለው የኮሚክ ስብስብ አሳተመች። የዚህ ዓይነት ቀልድ ሞተሩ ቀላል ነው፦ አፍ «ደህና ነኝ» ይላል፣ ከራስ በላይ ያለችው የሐሳብ አረፋ ሌላ ትናገራለች። እኛ ይህን ሰምና ወርቅ እንለዋለን። ሰሙ ንግግሩ፣ ወርቁ አረፋዋ ውስጥ ያለው።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው «ጀምበር» ኮሚክ ጀግናው ሥራ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ተመራቂ ነው፤ ችግሩን የሚጋፈጠው ግን ልዩ ኃይል አግኝቶ ነው። ያለ ልዩ ኃይል ቃለ መጠይቅ የሚገባው ተመራቂስ? በትልቅ ሰው ፊት ዝም ማለት ጨዋነት ነው ተብሎ አድጎ፣ አሁን «ስለ ራስህ ንገረን» ይባላል። ዝም ሲል «አይችልም» ተብሎ ይታለፋል። ችሎታውን ማንም አልለካም፤ የተለካው ድምፁ ነው።

ሥዕሉ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የሐሳብ አረፋ ዝምታ ባዶ አለመሆኑን በዓይን ታሳያለች።