የፕሪአምፕና የሳውንድ ካርድ ዲጂታል ግንኙነት

የፕሪአምፕና የሳውንድ ካርድ ዲጂታል ግንኙነት ማለት የማይክሮፎን ድምፅ በፕሪአምፕ ውስጥ ጎልቶ ወደ ቁጥር ከተቀየረ በኋላ፣ እንደገና ወደ አናሎግ ሲግናል ሳይመለስ በቀጥታ ወደ ኮምፒውተር የሚገባበት መንገድ ነው። ፕሪአምፕ ከማይክሮፎን የሚመጣውን ደካማ ሲግናል የሚያጎላ መሣሪያ ነው። ዲጂታል መውጫ ያለው ፕሪአምፕ በውስጡ ከአናሎግ ወደ ዲጂታል የሚቀይር ክፍልም አለው። ሳውንድ ካርድ ደግሞ ኮምፒውተር ድምፅ የሚቀበልበትና የሚያወጣበት ክፍል ሲሆን፣ በኮምፒውተሩ ውስጥ የሚገጠም ወይም በዩኤስቢ ከውጭ የሚያያዝ ሊሆን ይችላል።

የአናሎግ ገመድ ሲበላሽ ድምፁ ይደክማል ወይም ጫጫታ ይቀላቀልበታል። ዲጂታል ግንኙነት ሲበላሽ ግን ብዙውን ጊዜ ወይ ጨርሶ ዝም ይላል፣ ወይ አልፎ አልፎ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ያሰማል፣ ወይም ያለ ምንም ምልክት የተሳሳተ ፍጥነት ይመዘግባል። ተጠቃሚዎች በመጀመሪያ የሚጠረጥሩት ገመዱን ቢሆንም፣ ገመዱ ደህና ሆኖ ጥፋቱ በሁለቱ መሣሪያዎች የጊዜ ምት አለመስማማት ላይ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

የመገናኛ ዓይነቶች

ባለ ሁለት ቻናል ዲጂታል ድምፅን ለማስተላለፍ በብዛት የሚሠራባቸው ደንቦች ኤኢኤስ3 እና ኤስ/ፒዲአይኤፍ ናቸው። ኤኢኤስ3 በኦዲዮ ኢንጂነሪንግ ሶሳይቲና በአውሮፓ ብሮድካስቲንግ ዩኒየን ትብብር ለስቱዲዮዎችና ለብሮድካስት ጣቢያዎች የተዘጋጀ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1985 ታተመ። ኤስ/ፒዲአይኤፍ ሶኒና ፊሊፕስ ለቤት መሣሪያዎች ያዘጋጁት የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ስሙም ከሁለቱ ኩባንያዎች መጠሪያ የመጣ ነው። ሁለቱም አይኢሲ 60958 በተባለው ዓለም አቀፍ ደንብ ውስጥ ተካተዋል። በመሣሪያዎች ጀርባ ላይ የሚታዩት ዋና ዋና መግቢያና መውጫዎች የሚከተሉት ናቸው፦

• ኮአክሲያል፦ የአርሲኤ መሰኪያ ያለው ባለ 75 ኦም ገመድ ሲሆን የሲግናሉ መጠን 0.5 ቮልት ገደማ ነው። ሶኬቱ ብዙ ጊዜ ብርቱካናማ ቀለም አለው፤ ቀይና ነጭ የሆኑት የአርሲኤ ሶኬቶች ግን የአናሎግ ናቸው።
• ቶስሊንክ፦ ቶሺባ እ.ኤ.አ. በ1983 ያስተዋወቀው የብርሃን መገናኛ ነው። መረጃው በቀይ ብርሃን አማካይነት በፕላስቲክ ፋይበር ውስጥ ያልፋል።
• ኤክስኤልአር፦ ለኤኢኤስ3 የሚያገለግል ባለ 110 ኦም ገመድ ነው። የሲግናሉ መጠን ከ2 እስከ 7 ቮልት ይደርሳል።
• ኤዳት ኦፕቲካል፦ የአሌሲስ ኩባንያ ለባለ ስምንት ቻናል ዲጂታል መቅጃው ያዘጋጀው ነው። ሶኬቱና ገመዱ ከቶስሊንክ ጋር አንድ ቢሆኑም በውስጡ የሚያልፈው መረጃ የተለየ ነው፤ በ48 ኪሎኸርዝ ስምንት ቻናል በአንድ ጊዜ ያስተላልፋል።

ስለዚህ የሶኬት መመሳሰል የመግባባት ማረጋገጫ አይደለም። ለምሳሌ ቤሪንገር ኤዲኤ8200 ስምንት የማይክሮፎን ፕሪአምፖች ያሉት መሣሪያ ሲሆን በኦፕቲካል ሶኬቱ የሚልከው ኤዳት ነው። ኤስ/ፒዲአይኤፍ ብቻ በሚያነብ ሳውንድ ካርድ ላይ ቢሰካ ገመዱ በትክክል ይገጥማል፣ ብርሃኑም ይበራል፣ ድምፅ ግን አይገኝም።

የመረጃው አደረጃጀት

ዲጂታል ድምፅ በእኩል የጊዜ ልዩነት የተወሰዱ ናሙናዎች ቅደም ተከተል ነው። በሰከንድ የሚወሰደው የናሙና ብዛት የናሙና ፍጥነት ይባላል። ሲዲ የሚሠራው በ44.1 ኪሎኸርዝ ማለትም በሰከንድ በ44,100 ናሙና ሲሆን፣ ለቪዲዮ ሥራ የተለመደው 48 ኪሎኸርዝ ነው።

በኤስ/ፒዲአይኤፍ እያንዳንዱ ናሙና ባለ 32 ቢት ጥቅል ውስጥ ይቀመጣል። ከዚህም ውስጥ እስከ 24 ቢት ድረስ ለድምፁ ሊውል ይችላል፤ የቀሩት የጥቅሉን መጀመሪያ ለመለየት፣ ስህተት ለማጣራትና ስለ ድምፁ ዓይነት ተጨማሪ መረጃ ለመያዝ ያገለግላሉ። የግራና የቀኝ ቻናል ጥቅሎች አንድ ላይ 64 ቢት ስለሚሆኑ፣ በ48 ኪሎኸርዝ በገመዱ የሚያልፈው መረጃ 64 × 48,000 ማለትም በሰከንድ 3,072,000 ቢት ነው።

ቢቶቹ የሚላኩት የጊዜ ምቱ ከመረጃው ጋር ተዋሕዶ እንዲሄድ በሚያደርግ ዘዴ ነው። በመሆኑም ተቀባዩ ከዚያው ገመድ ድምፁንም የላኪውንም ምት ማውጣት ይችላል። በሌላ በኩል መንገዱ ባለ አንድ አቅጣጫ ነው፤ ላኪው መረጃው ይድረስ አይድረስ አያውቅም፣ የጠፋውንም እንደገና አይልክም። ፕሪአምፑ ያለ ቅሬታ እየሠራ ኮምፒውተሩ ምንም የማይቀበልበት ሁኔታ የሚፈጠረው በዚህ ምክንያት ነው።

የክሎክ ጉዳይ

እያንዳንዱ ዲጂታል መሣሪያ ናሙና የሚወስድበትን ቅጽበት የሚወስን ክሎክ አለው። ክሎኩ ብዙውን ጊዜ በኳርትዝ ክሪስታል ይሠራል። ሁለት ክሪስታሎች ላያቸው ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ቢጻፍባቸውም ፍጹም እኩል አይመቱም። በመሆኑም በአንድ ግንኙነት ውስጥ አንዱ መሣሪያ መሪ፣ ሌላው ተከታይ መሆን አለበት።

ሁለቱም በየራሳቸው ክሎክ ከሠሩ የሚፈጠረውን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። የሁለቱ ልዩነት ከሚሊዮን 20 እጅ ቢሆን፣ በ48 ኪሎኸርዝ በየሰከንዱ 48,000 × 20 ÷ 1,000,000 ማለትም 0.96 ናሙና ይተርፋል ወይም ይጎድላል። ተቀባዩ ትርፉን የሚያቆይበት ቦታ ከሌለው በየሰከንዱ ገደማ አንድ ናሙና ይጥላል ወይም ይደግማል። 256 ናሙና የሚይዝ ማቆያ ካለው ደግሞ ማቆያው እስኪሞላ 267 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል፤ ችግሩ የሚሰማው ከአራት ደቂቃ በላይ ቆይቶ ነው።

የአንድ ደቂቃ ሙከራ አሳሳች የሚሆነው ለዚህ ነው። ከአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ ወይም ከመዘምራን ቀረጻ በፊት የተደረገ አጭር ሙከራ ንጹሕ ሆኖ ሊሰማ፣ ቀረጻው ግን በየአራት ደቂቃው የተቆራረጠ ሊሆን ይችላል። ያልተመዘገበ ናሙና በኋላ በሶፍትዌር ቢለሰልስም ከነበረው ጋር አንድ አድርጎ መመለስ አይቻልም።

በተለመደው አሠራር ፕሪአምፑ መሪ ሆኖ ሳውንድ ካርዱ በዲጂታል መግቢያው የሚመጣውን ክሎክ እንዲከተል ይደረጋል። ፕሪአምፑ ተከታይ እንዲሆን ከተፈለገ ደግሞ ክሎክ የሚቀበልበት ሌላ መግቢያ ያስፈልገዋል፤ ለዚህም ዎርድ ክሎክ የሚባለውና ብዙ ጊዜ በቢኤንሲ መሰኪያ የሚገናኘው መስመር ይውላል።

ምልክቶችና ምክንያቶቻቸው

ምንም ድምፅ አለመኖር። የተለመዱት ምክንያቶች መውጫን ከመውጫ ማገናኘት፣ ኤዳትን ከኤስ/ፒዲአይኤፍ ማምታታት፣ በካርዱ ላይ ኮአክሲያልና ኦፕቲካል መግቢያን በተሳሳተ ሁኔታ መምረጥ፣ ወይም ካርዱ የማያነበውን የናሙና ፍጥነት መላክ ናቸው። በአዲስ የኦፕቲካል ገመድ ጫፍ ላይ ያለው ትንሽ የፕላስቲክ መሸፈኛ ሳይወልቅ መቅረቱም ያጋጥማል። የገመዱን ነፃ ጫፍ ወደ ነጭ ወረቀት በማዞር ቀይ ብርሃን መኖሩን ማየት ይቻላል፤ ብርሃኑ ላኪው መሥራቱን እንጂ የሚልከው መረጃ ትክክል መሆኑን አያሳይም።

በእኩል ጊዜ የሚደጋገም ጠቅታ። ይህ የክሎክ አለመስማማት ዋና ምልክት ነው። ገመድ ሲነካ ወይም ሲታጠፍ ብቻ የሚመጣ መቆራረጥ ግን ወደ ገመዱ ወይም ወደ መሰኪያው ያመለክታል። ኮምፒውተሩ ሥራ ሲበዛበት የሚብስና ጊዜውን የማይጠብቅ መቆራረጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሶፍትዌሩ በፈር ከማነሱ ይመጣል፤ ይህ ከዲጂታል ገመዱ ጋር ግንኙነት የለውም።

የተቀየረ ፍጥነትና ቅላጼ። ድምፁ በ48 ኪሎኸርዝ ገብቶ ፋይሉ 44.1 ተብሎ ከተመዘገበ፣ ሲጫወት ይዘገያል፤ ቅላጼውም አንድ ተኩል ሴሚቶን ገደማ ይወርዳል። የ60 ደቂቃ ቀረጻ ከ65 ደቂቃ በላይ ይወስዳል። ይህ ስህተት ከጠቅታ የሚለየው ሊታረም በመቻሉ ነው፤ ናሙናዎቹ ሁሉ ስላሉ በፋይሉ ላይ የተጻፈውን የናሙና ፍጥነት ማስተካከል ይበቃል።

ኃይለኛ ጫጫታ። እንደ ዶልቢ ዲጂታል ወይም ዲቲኤስ ያለ የታመቀ መረጃ እንደ ተራ ድምፅ ሲነበብ ይፈጠራል። የማይክሮፎን ፕሪአምፕ እንዲህ ያለ መረጃ አይልክም፤ ምንጩ የዲቪዲ ማጫወቻ ወይም የቤት ቲያትር መሣሪያ ሲሆን ግን ያጋጥማል። ጆሮንና ድምፅ ማጉያን ስለሚጎዳ መጀመሪያ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል።

የማያቋርጥ እምምታ። ይህ በዲጂታሉ መረጃ ላይ የሚደርስ ጉዳት ሳይሆን በኮአክሲያል ገመዱ መዳብ በኩል በሚፈጠር የመሬት መስመር ዙሪት ምክንያት ወደ አናሎጉ ክፍል የሚገባ ነው። የኃይል መስመሩ 50 ኸርዝ በሆነበት እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር እምምታው በ50 እና በ100 ኸርዝ ጎልቶ ይሰማል። የኦፕቲካል ገመድ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ዙሪቱን ይቆርጣል። የመሰኪያውን የመሬት እግር መቁረጥ ግን ለሕይወት አደገኛ ነው።

የፍተሻ ቅደም ተከተል

ፍተሻው ከላኪው ተነሥቶ ወደ ተቀባዩ ቢሄድና በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቢቀየር ጥፋቱን መለየት ይቀላል።

1. በፕሪአምፑ የድምፅ መጠን አመልካች ላይ ሲግናል መኖሩ ይታያል። በአናሎጉ ክፍል ከመጠን በላይ ጎልቶ የተቆረጠ ድምፅ በዲጂታል መስመሩ አይስተካከልም።
2. ገመዱ ከመውጫ ወደ መግቢያ መሄዱና የሁለቱ ሶኬቶች ደንብ አንድ መሆኑ ይረጋገጣል።
3. በሳውንድ ካርዱ መቆጣጠሪያ ላይ ትክክለኛው ዲጂታል መግቢያ ይመረጣል።
4. የክሎክ ምንጩ ከውስጣዊ ወደ ውጫዊ ይቀየራል። ካርዱ «ሎክ» የሚል ምልክት ካለው መብራቱ ሳይርገበገብ መቆየት አለበት።
5. በፕሪአምፑ፣ በካርዱና በመቅጃው ሶፍትዌር ላይ የተመረጠው የናሙና ፍጥነት አንድ መሆኑ ይታያል።
6. ከዚህ ሁሉ በኋላ ገመዱ በሌላ ይተካል። ለኮአክሲያል የ75 ኦም ገመድ መሆን አለበት፤ ተራ የአናሎግ ገመድ በአጭር ርቀት ቢሠራም አስተማማኝ አይደለም።
7. እንደ 1,000 ኸርዝ ያለ አንድ ወጥ ድምፅ ቢያንስ ለአሥር ደቂቃ ተቀድቶ ይደመጣል። ንግግር ትንሽ ጠቅታን ሊሸፍን ይችላል፤ ወጥ ድምፅ ግን ያጋልጠዋል።

በኮምፒውተር ላይ ያሉ ቅንብሮች

በዊንዶውስ የናሙና ፍጥነቱ በድምፅ ቅንብር ውስጥ ይገኛል፤ የክሎክ ምንጩ ግን ብዙውን ጊዜ ከካርዱ ጋር በሚመጣው መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ነው የሚመረጠው። በማክኦኤስ ኦዲዮ ሚዲ ሴትአፕ የተባለው ፕሮግራም የናሙና ፍጥነቱን ያሳያል፤ ካርዱ ከፈቀደም የክሎክ ምንጩን ያስመርጣል። በሊኑክስ የአልሳ ሥርዓት ዲጂታል መግቢያና መውጫዎች ብዙ ጊዜ በቀድሞው የደንቡ ቁጥር አይኢሲ958 ተብለው ይጠራሉ። በአልሳሚክሰር ውስጥ ተዘግተው ከሆነ በኤም ቁልፍ ይከፈታሉ። እንደ ኤም-ኦዲዮ ኦዲዮፊል 2496 ያሉ የኤንቪ24 ቺፕ የያዙ ካርዶች የክሎክ ምንጭ ደግሞ ኤንቪ24ኮንትሮል በተባለው ፕሮግራም ይመረጣል።

ውጫዊ ክሎክ የተመረጠለት ካርድ ፕሪአምፑ ሲጠፋ የሚከተለው ምት ያጣል። በዚህ ጊዜ አንዳንድ ካርዶች ወደ ራሳቸው ክሎክ ሲመለሱ ሌሎቹ ማጫወትም ያቆማሉ። ስለዚህ ከቀረጻ በኋላ ኮምፒውተሩ ድምፅ አልሰጥ ቢል፣ ካርዱ ተበላሸ ከማለት በፊት የክሎክ ምንጩን ወደ ውስጣዊ መመለስ ይገባል።