ምሳርና የባሕር ዛፍ ጉቶ
ብረት፣ የወይራ እጀታ፣ ደጋግሞ የተቆረጠ ጉቶ

ከምሳሩ ይልቅ ጉቶውን ቀረብ ብለው ይመልከቱ። ዙሪያውን የተደረደሩት ጠባሳዎች እያንዳንዳቸው የተቆረጠ አንድ ግንድ ምልክት ናቸው። ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ መጥቶ አዲስ አበባ ዙሪያ የተተከለው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ነው። አዲሲቱ ከተማ የማገዶ እጦት አስጨንቋት ነበርና ፈጥኖ ማደጉ፣ ከሁሉም በላይ ተቆርጦ እንደገና ማቆጥቆጡ፣ ተወዳጅ አደረገው።

ቆራጩ አስቀድሞ የዛፉን ዝንባሌና የነፋሱን አቅጣጫ ያያል፤ የሚሸሽበትንም መንገድ ይጠርጋል። በሚጥልበት ጎን ግንዱን በጥልቀት ይቦረቡራል፤ ከዚያ በጀርባው ትንሽ ከፍ ብሎ ይቆርጣል። መሃል ላይ ሳይቆረጥ የሚተወው ቀጭን እንጨት እንደ ማጠፊያ ሆኖ ዛፉን ወደታሰበው አቅጣጫ ይመራዋል። ይህን ጨርሶ የቆረጠ ሰው ዛፉ ወዴት እንደሚወድቅ አያውቅም።

ዛፉ ከወደቀ በኋላ ያለው ሥራ ግን ለእኛ ይበልጥ የሚደነቅ ነው። ጉቶው ወደ መሬት ዝቅ ተደርጎ፣ ውሃ እንዳያቁር ዘንበል ብሎ ይስተካከላል። ልጡ ከተላጠ ቡቃያው ይደክማል፤ ስለዚህ የምሳሩ ስለት መሳል አለበት። ብዙ ቡቃያ ሲወጣ ጠንካሮቹ ሁለት ሦስቱ ተመርጠው ሌላው ይነቀሳል። ቀጭኑ ማገር፣ ወፈር ያለው አጠና ወይም ቋሚ ይሆናል። ቅጠሉና ጭራሮው ወደ ምድጃ ይሄዳል፤ ከእንጦጦ ተዳፋት በጀርባቸው ተሸክመው ሲያወርዱት የኖሩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው።