ዝክረ ይድነቃቸው ተሰማ



የፋሺስት ጣሊያን መንግሥት፣ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ድል ከቀናውና አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ጥቁሩን ከነጩ የሚለይ ሥርዓት ሲደነግግ፣ ልዩነቱ በመኖሪያ ሰፈር ሳይወሰን እስከ ኳስ ሜዳ ደርሶ፣ ጣሊያኑ ከጣሊያን፣ ኢትዮጵያዊውም ከኢትዮጵያዊ ጋር ብቻ እንዲጫወት ሆነ። በዚያው ዓመት የተቋቋመው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድንም የሰማዕቱን ስም ተነጥቆ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተባለ፤ ታቦቱ ዐድዋ የዘመተው የቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ለወራሪው ጆሮ እንዴት እንደሚጎመዝዝ መገመት አያዳግትም።

ከዚህ ቡድን ተጫዋቾች አንዱ፣ በ1914 ዓ.ም. ጅማ የተወለዱት፣ የስመ ጥሩው ባለቅኔ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ይድነቃቸው ነበሩ። እንዲህ ያለው መለያየት በሌላም አገር ነበር፤ በአሜሪካም ጥቁሮቹ የቤዝቦል ተጫዋቾች ከነጮቹ ተገልለው ከ1912 ዓ.ም. ጀምሮ በራሳቸው ሊጎች ይጫወቱ ነበርና፣ ከእነዚሁ ሊጎች የወጣው ጃኪ ሮቢንሰን ከነጮቹ ጋር በከፍተኛው ሊግ ለመሰለፍ እስከ 1939 ዓ.ም. መጠበቅ ግድ ሆኖበታል።

በእኛ አገር ግን ነጻነት በተመለሰ በሦስተኛው ዓመት፣ በ1936 ዓ.ም.፣ ጊዮርጊስ ከጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ ከአርመኖቹ አራራትና ከግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ ጋር በአንድ ውድድር ተሰለፈ፤ ዋንጫውን የወሰደው የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን መሆኑ ሳይዘነጋ። ይድነቃቸው ለጊዮርጊስ በ365 ጨዋታዎች 318 ግቦች እንዳስቆጠሩ ይነገርላቸዋል።

ይሁንና እኔ ከግቦቻቸው ሁሉ የማስበልጠው በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ የሠሩትን ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌደሬሽን ሲመሠረት የደቡብ አፍሪካ መልእክተኛ ወይ ነጮችን ብቻ ወይ ጥቁሮችን ብቻ እንጂ የተቀላቀለ ቡድን አላመጣም ቢል፣ በልጅነታቸው መለየትን የቀመሱት ይድነቃቸው ከግብፅና ከሱዳን ወንድሞቻቸው ጋር ሆነው አሻፈረኝ አሉ። ኢትዮጵያም በዚያው ዓመት በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ልትጫወት ተመድባ ስለነበር ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ አለፈች፤ በግብፅ 4 ለ 0 መሸነፏ የዚያን ውሳኔ ክብር አይቀንሰውም።

ይድነቃቸው በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣውን ቡድናችንን ካሠለጠኑ በኋላ፣ ከ1964 ዓ.ም. እስከ ዕለተ ዕረፍታቸው፣ እስከ ነሐሴ 1979 ዓ.ም.፣ የኮንፌደሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ሲያገለግሉ በዚህ አቋማቸው ጸኑ። ደቡብ አፍሪካ ጥቁርና ነጭ በአንድነት ያሰለፈ ቡድን ይዛ የአፍሪካን ዋንጫ የተጫወተችው፣ ያሸነፈችውም፣ እርሳቸው ካረፉ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1988 ዓ.ም. ነው።